ሙሉ ከተማ ያለው የወንጀል ጌም ወደ ፒኤስፒ ስናወርድ፦ ሜሞሪ፣ ካሜራ፣ ድልድይ፣ ፊደል

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)

ሰላም ለቤቱ። በኮምፒውተር የሚሠራ ክፍት ከተማ ያለው የወንጀል ጌም አለን። ኮንትሮባንድ ማዘዋወር፣ መኪና መንጠቅ፣ ከፖሊስ ማምለጥ፣ ያው የለመዳችሁት ዓይነት ነው። የከተማዋ ስም ፈጠራ ነው፤ አቀማመጧ ግን የባሕር ዳር ነው፦ ባንድ ወገን ሐይቁ፣ መሀሏን የሚቆርጣት ዓባይ፣ ዘንባባ የተደረደረባቸው ሰፋፊ መንገዶች። አሁን ወደ ፒኤስፒ፣ ወደ ሶኒ የእጅ ጌም ማሽን፣ እናውርደው ብለናል።

የኮምፒውተሩ እትም 1.4 ጊጋባይት ሜሞሪ ይበላል፤ ቴክስቸሮቹ (በሕንፃና በመሬት ላይ የሚለጠፉት ምስሎች) 1024 በ1024 ፒክስል ናቸው፤ ካሜራው ከሰውየው ጀርባ ነው። ካሜራውን እንደ ቻይናታውን ዋርስ (ከላይ ቁልቁል እንደሚታየው የጂቲኤ ጌም) ወደ ላይ እንስቀለው ወይስ እዚያው ይቆይ? ሜሞሪውስ እንዴት ይከፋፈል? ቀኝ ስቲክ የሌለው ማሽን ላይ ካሜራ በምን ይዞራል? ያላችሁን ወዲህ በሉ።

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ወንድምዓለም፣ ከካሜራው በፊት ሜሞሪው ይምጣ። የመጀመሪያው ፒኤስፒ 32 ሜጋባይት ራም አለው፤ 8ቱን ሲስተሙ ይወስድና ለጌሙ 24 ይቀራል። በዚያ ላይ የግራፊክስ ቺፑ የራሱ 2 ሜጋባይት አለው። ከ1.4 ጊጋ ተነስቶ «እያሳነስኩ እወርዳለሁ» የሚል ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ከ24 ተነስታችሁ ወደ ላይ ቁጠሩ። እኔ ብሆን እንዲህ እመድብ ነበር፦

ኮድና ቋሚ ዳታ 3.5 ሜጋባይት። በዙሪያችሁ ላለው ካርታ፣ 9 ቁራጭ በ350 ኪሎባይት፣ 3.15። ቴክስቸር 6.5። ግጭት ለማስላት የሚያገለግለው ቅርጽ 1.2። ተሽከርካሪ 6 ሞዴል በ200 ኪሎባይት 1.2፤ እግረኛ 8 ሞዴል በ120 ደግሞ 1 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። አኒሜሽን 1.5። የድምፅ ኢፌክት 2። ለግራፊክስ ቺፑ የሚጻፈው የትእዛዝ ዝርዝር፣ ሁለት ባለ 512 ኪሎባይት፣ 1። የመንገድ ነጥቦችና የእግረኛ አእምሮ 0.8። ከሩቅ የምትታየው የጠቅላላ ከተማዋ ቀላል ሞዴል 0.6። የሬዲዮ ማቆያ ሩብ ሜጋ። ደምሩት፣ 22.7 ገደማ ይመጣል። የቀረውን አትንኩት። ሜሞሪ ሲያዝና ሲለቀቅ ይበጣጠሳል፤ በድምር 1 ሜጋ ነጻ ኖሮ ባንድ ላይ የተያያዘ 300 ኪሎባይት ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ለካርታው ቁራጭ እኩል መጠን ያላቸው 9 ቋሚ ቦታዎችን ጌሙ ሲነሳ ይዞ እስከ መጨረሻው አለመልቀቅ የሚሻለው።

የ2 ሜጋው ነገር፦ የስክሪኑ ስፋት 480 ቢሆንም በሜሞሪ ውስጥ እያንዳንዱ መስመር የ512 ቦታ ይይዛል። በ32 ቢት ቀለም አንድ ገጽ (ስክሪኑን የሚሞላ አንድ ሥዕል) 544 ኪሎባይት ነው። ሁለት ገጽና ባለ 16 ቢቱ የጥልቀት ገጽ (የእያንዳንዱን ፒክስል ርቀት የሚይዘው) ሲደመሩ 1360፤ ለቴክስቸር የሚተርፈው 688 ብቻ። ወደ 16 ቢት ቀለም ብትወርዱ ሦስቱም ገጽ እያንዳንዳቸው 272 ይሆኑና 1232 ኪሎባይት ይተርፋችኋል። ዲዘሪንግ (ቀለማትን በነጠብጣብ እያሰባጠረ የቀለም ማነስን የሚሸፍነውን) አብሩ፤ በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ ልዩነቱን የሚያየው ሰማዩ ላይ አፍጥጦ የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው።

ቴክስቸሩን ደግሞ ባለ 4 ቢት ፓሌት (ፒክስሉ ቀለሙን ሳይሆን በአጭር የቀለም ዝርዝር ውስጥ ያለውን ቁጥር የሚይዝበት) አድርጉት። 128 በ128 የሆነ የግድግዳ ምስል 8 ኪሎባይት ነው፤ በ32 ቢት ግን 64። ፒኤስፒ ከ512 በላይ ስፋት አይቀበልም፣ ስለዚህ 1024ቱ በማንኛውም መንገድ ይቀራል። ባለ 16 ባይት በ8 ረድፍ እየከፋፈሉ መደርደሩንም (ስዊዝል የሚሉትን) ኮምፒውተሩ ላይ ጨርሱት እንጂ ፒኤስፒው ሲጭን አታሠሩት።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ባለ 2000 እና ባለ 3000 ፒኤስፒ እኮ 64 ሜጋ አላቸው። ለምን በ24 እንጨነቃለን?

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ምክንያቱም ገበያ ላይ የምታገኘው ያገለገለ ፒኤስፒ የትኛው እንደሚሆን አታውቅም። ጌሙ በ24 ይቁም። ትርፍ ካለ ያለፍንበትን ቁራጭ ሳይጥሉ ለማቆየት ይዋል፤ ተጫዋቹ ዞሮ ሲመለስ ጌሙ ካለበት ሜሞሪ ካርድ ዳግም አይነበብም። ከዚያ የዘለለ፣ ማለትም በ64 ብቻ የሚታይ ሕንፃ ወይም በ64 ብቻ የሚመጣ መኪና ማስገባት፣ ሁለት ጌም መፈተሽ ማለት ነው።

ዓባይ_ማዶ (ባሕር ዳር)

ካሜራውን ወደ ላይ ስቀሉት። ቻይናታውን ዋርስ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ የወጣው ለኔንቴንዶ ዲኤስ ነው፤ ዲኤስ 4 ሜጋባይት ራምና 67 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ያለው፣ ባንድ ፍሬም (አንድ የስክሪን ሥዕል) 2048 ትራያንግል (ሞዴል ሁሉ የሚሠራበት ሦስት ማእዘን) ብቻ የሚያወጣ ማሽን ነው። በዚያ ላይ መኪና፣ እግረኛ፣ ፖሊስ፣ ዕፅ ሻጭ ያለባትን ከተማ ያቆሙት ካሜራው አድማስ ስለማያይ ነው። ከ25 ሜትር ከፍታ ቁልቁል ስታዩ ስክሪኑ ውስጥ የሚገባው ከ40 እስከ 50 ሜትር መንገድ ነው። ሩቅ የሚባል ነገር የለም፣ ከሩቅ የሚታይ ሞዴል አያስፈልግም፣ ጭጋግ አያስፈልግም፣ የቀኝ ስቲክ ጥያቄም ያኔውኑ ይዘጋል። በዚያው ዓመት ጥቅምት አካባቢ ያው ጌም ለፒኤስፒ ሲመጣ የተሻለ ብርሃንና ሰፊ ስክሪን አገኘ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም።

ሌላው ትምህርት የንክኪ ሥራዎቹ ናቸው። ዲኤሱ ላይ የቆመ መኪና ስትሰርቅ በእስክሪብቶው ጠመንዣ መፍቻ ታዞራለህ፣ ሽቦ ታጠማዝዛለህ። ፒኤስፒ ንክኪ ስለሌለው እነዚያ ሁሉ ወደ ቁልፍ ተቀየሩ። እናንተም በማውዝ የሚሠራ ነገር ካላችሁ ከአሁኑ ቁጠሩት።

እታለም_ዘዳንግላ (ዳንግላ)

እኔ በዚህ አልስማማም። ከላይ የሚታይ ካሜራ ጥሩ ጌም ይሠራል፤ የባሕር ዳርን ጌም ግን አይሠራም። በዘንባባው ሥር እየነዱ ሐይቁ ድንገት ሲገለጥ የሚታየው ነገር ከላይ ቢታይ አረንጓዴ ክብ ክብና ሰማያዊ ሜዳ ነው። ሌላው የጂቲኤ ጌም፣ ሊበርቲ ሲቲ ስቶሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ለፒኤስፒ የወጣው ከጀርባ ካሜራ ጋር ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሶኒ ጌሞች ከ222 ሜጋኸርዝ እንዲያልፉ አይፈቅድም ነበር። 333ቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እናንተ 333 እያላችሁ የምትፈሩት ምኑን ነው?

የሚያስፈራው ትራያንግሉ አይደለም፣ ንባቡ ነው። እናስላው። ካርታው 128 በ128 ሜትር በሆኑ ቁራጮች ይከፈል፤ ተጫዋቹ ያለበትና በዙሪያው ያሉት 8 ሁልጊዜ ሜሞሪ ውስጥ ይሁኑ። በሰዓት 120 ኪ.ሜ የሚበር መኪና በሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳል፤ አንዱን ቁራጭ በ3.9 ሰከንድ ይጨርሳል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ 3 አዲስ ቁራጭ ይፈልጋል፤ ካርታውና የግጭት ቅርጹ 1.45 ሜጋ ገደማ፣ አዲስ ቴክስቸር ሲጨመር 2 ሜጋ በሉት። በሰከንድ 500 ኪሎባይት ነው። ለመለኪያ ያህል የፒኤስፒን የራሱን ዲስክ ብንወስድ የንባብ ጣሪያው በሰከንድ 11 ሜጋቢት፣ ማለት 1.4 ሜጋባይት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ይበቃል። በማእዘን በኩል ሲሻገር ግን 5 ቁራጭ ባንዴ ይጠራል፤ እዚያ ላይ ነው መንገዱ ገና ሳይመጣ መኪናው ባዶ ውስጥ የሚወድቀው።

ለዚህ ሦስት ነገር አድርጉ። የግጭት ቅርጹን ከሥዕሉ አስቀድማችሁ ጫኑ፤ ሕንፃ ዘግይቶ ቢመጣ ያስቃል፣ መሬት ዘግይቶ ቢመጣ ጌሙ ያልቃል። የእያንዳንዱን ቁራጭ ዳታ በአንድ ፋይል ውስጥ በተከታታይ አስቀምጡ፣ አንድ ቴክስቸር በአሥር ቁራጭ ውስጥ ቢደገምም ይደገም፤ ካርድ ላይ ቦታ ርካሽ ነው፣ ከቦታ ቦታ እየዘለሉ ማንበብ ውድ ነው። እና ድንበሩ ላይ ወዲያው አትቀይሩ፤ ተጫዋቹ 16 ሜትር ዘልቆ ሲገባ ብቻ ይቀየር። አለበለዚያ በድንበሩ መስመር ላይ ቀኝ ግራ እያለ የሚነዳ ሰው ያንኑ ቁራጭ ሲያስጭንና ሲያስጥል ይውላል።

ዓባይ_ማዶ (ባሕር ዳር)

ስሌቱ ጥሩ ነው እታለም። ግን 9 ቁራጭ ማለት፣ ያቺ 16 ሜትር ስትቀነስ፣ ከፊት የተረጋገጠው 112 ሜትር ብቻ ነው። ሰፊው መንገድ ላይ ከዚያ ወዲያ ምን ሊታይ?

እታለም_ዘዳንግላ (ዳንግላ)

ከ112 ወዲያ ጮቄ ያላት ቀላል ሞዴል አለች፤ ሕንፃ ሁሉ ሳጥን፣ ዘንባባ ሁሉ ሁለት ትራያንግል። ከዚያ ቀደም ብሎ ጭጋግ ይጀምርና መቀያየሩን ይሸፍነዋል። ረጅሙን መንገድ ደግሞ በዲዛይን ቁረጡት፦ አደባባይ፣ ሐውልት፣ ትንሽ መታጠፊያ። ዘንባባው ራሱ መጋረጃ ነው። ሐይቁ ደግሞ ስጦታ ነው። በሐይቁ ዳር ያለ ሰው ከ9ኙ ቁራጭ 3ቱ ወይም 4ቱ ውኃ ብቻ ናቸው፤ የሚነበብ የለም። ስለዚህ ከባዱን ሥራ፣ ሆቴሉን፣ መናፈሻውን፣ ብዙ እግረኛ የሚወጣበትን፣ ሐይቁ ዳር ክመሩት። ገበያውን ግን በአራቱም በኩል ሕንፃ ስለሚከበው አሳሱት።

ድልድዩንም ተጠቀሙበት። ጂቲኤ ሦስት ከተማዋን በሦስት ደሴት ከፍሎ በመካከላቸው የመጫኛ ስክሪን ያወጣ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ በ60 ኪ.ሜ ፍጥነት 23 ሰከንድ ይፈጃል። ድልድዩ ላይ ያለ ሰው በግራም በቀኝም ውኃ ነው ያለው። በሰከንድ 700 ኪሎባይት ብቻ ብታነቡ እንኳ 16 ሜጋ ይሆናል፤ ከ6.5 ሜጋው ቴክስቸር አንዱም ሳይቀር ለማዶው ሰፈር ይለወጣል፣ ተጫዋቹ አያውቅም። በ120 ቢበር እንኳ 11 ሰከንድ አላችሁ። በሁለቱም ጫፍ እንደ ኬላ ያለ ጠበብ የሚል ነገር አድርጉ፣ ፍጥነት ይቀንሳል። ለወንጀል ጌም ኬላ ሰበብ አያጣም።

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)

ካሜራው ከጀርባ ይሁን፣ ወስነናል። በሙከራ ላይ ያየነው ችግር፦ ካሜራው ወደ መሬት ሲጠጋ አስፋልቱ በቁራጭ ቁራጭ ይጠፋል። ራቅ ሲል ይመለሳል። ኮምፒውተር ላይ የለም።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

የታወቀ የፒኤስፒ ጠባይ ነው። ቺፑ ትራያንግልን በስክሪኑ ጠርዝ ላይ አይቆርጥም። 4096 በ4096 የሆነ የማይታይ ሸራ አለው፤ ከሸራው አንድ ጫፉ የወጣ ትራያንግልን ጠቅላላውን ይጥለዋል። ስክሪኑ መሀል ላይ ስለሆነ ከግራና ከቀኝ 1800 ፒክስል ያህል ትርፍ አለ፤ 40 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ የአስፋልት ቁራጭ ካሜራው አፍንጫ ሥር ሲሆን ያንን በቀላሉ ያልፋል። መሬቱን ከ8 ሜትር በማይበልጥ ቁራጭ ክፈሉት። ከካሜራው 12 ሜትር ውስጥ ያሉትን ብቻ ደግሞ በፕሮሰሰሩ ቁረጡና ላኩ፤ ጥቂት ስለሆኑ አይከብድም። የሐይቁም ገጽ እንዲሁ፤ ቅርቡ በደቃቅ፣ ሩቁ በትልልቅ።

እግረ መንገዴን፦ የጥልቀት ገጹ 16 ቢት ስለሆነ የካሜራውን ቅርብ ወሰን (ከዚያ የቀረበ ነገር የማይሳልበትን ርቀት) 0.1 ሜትር ካደረጋችሁ የመንገዱ ነጭ መስመር ይርገበገባል። 0.5 ወይም 1 ሜትር አድርጉት። ነጩን መስመርም ለብቻው ከማስቀመጥ ከአስፋልቱ ቴክስቸር ጋር አብራችሁ ሳሉት።

ዓባይ_ማዶ (ባሕር ዳር)

የሞዴሎቹን የማእዘን ነጥቦች በ16 ቢት ታስቀምጣላችሁ? በፍሎት (በባለ 32 ቢት አስርዮሽ ቁጥር) አንድ ነጥብ ቦታው 12፣ ቴክስቸሩ 8፣ ቀለሙ 4፣ በድምሩ 24 ባይት ነው። በ16 ቢት ግን 6፣ 4 እና 2፣ ማለትም 12። ከ350 ኪሎባይቱ ግማሹን የምታተርፉት እዚህ ነው።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ትክክል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለባት። 16 ቢት ከ -32768 እስከ 32767 ነው፤ የላይኛው ጫፍ በአንድ ይጎድላል። 128 ሜትሩን ቁራጭ ልክ በዚህ ልክ ከወጠራችሁት የቀኙ ጠርዝ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም፤ በቁራጮቹ መካከል ቀጭን የሚያብረቀርቅ መስመር ይታያል። እርምጃውን የሜትር 1/256 አድርጉት። ያኔ ከመሀል በየአቅጣጫው 128 ሜትር ትደርሳላችሁ፣ የሚያስፈልጋችሁ 64 ብቻ ነው። ጠርዙ ሁሉ ባንድ መረብ ላይ ይወድቃል፣ ከድንበር የወጣ የሕንፃ በረንዳም ቦታ ያገኛል። 4 ሚሊሜትር የማይሞላ ስህተት ደግሞ ማንም አያይም።

የአዴት_ልጅ (አዴት)

ስለ ትራፊኩ ልጨምር። ጂቲኤ ላይ አንድ መኪና ስትይዙ መንገዱ ሁሉ በዚያው መኪና የሚሞላው ሜሞሪ ውስጥ ያሉት ሞዴሎች ጥቂት ስለሆኑ ነው። እናንተ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ፤ የእኛ ከተማ መንገድ ግማሹ ባጃጅ ነው፣ ቢደጋገም ማን ይታዘባል? 6ቱን ቦታ እንዲህ ስጡ፦ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ የፖሊስ ፒካፕ እነዚህ አራቱ አይወጡም፤ ሁለቱ እንደ ሰፈሩ ይለወጡ። ፖሊሱ ሁልጊዜ ሜሞሪ ውስጥ ይኑር። የተፈላጊነት ኮከብ ሲጨምር (ፖሊስ ማሳደዱን ሲያጠብቅ) ከካርድ ልታነቡት ብትሞክሩ ማሳደዱና ካርታው ለንባብ ይሻማሉ፣ ሁለቱም ይዘገያሉ። ብስክሌቱን ከእግረኛው ሞዴል ጋር ቁጠሩት፤ ባሕር ዳር ያለ ብስክሌት አይሆንም።

ለቀለም አዲስ ቴክስቸር አትሥሩ። የ4 ቢት ፓሌት 16 ቀለም ነው፣ በ32 ቢት 64 ባይት። አንድ የሚኒባስ ምስልና 8 ፓሌት ካላችሁ 8 ሚኒባስ አላችሁ፣ የፓሌቶቹ ጠቅላላ ወጪ 512 ባይት።

እግረኞች በ40 ሜትር ውስጥ ሙሉ አእምሮ ይኑራቸው። ከዚያ ወዲያ በመንገድ ነጥብ ላይ የሚንሸራተቱ ብቻ ይሁኑ፤ ግጭት አያስሉ፣ አኒሜሽናቸውም በየሁለት ፍሬሙ ይታደስ። ከካሜራው ጀርባ 30 ሜትር ያለፈውን አጥፉት። አዲስ ሲወለድ ደግሞ ከጭጋጉ ውስጥ ወይም ከመታጠፊያ ኋላ ይሁን።

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)

ሬዲዮና መቆጣጠሪያው ቀሩ።

የአዴት_ልጅ (አዴት)

ሬዲዮ ቀላል ነው። በ128 ኪሎቢት ድምፅ በሰከንድ 16 ኪሎባይት፣ በሰዓት 57.6 ሜጋ ነው። ሁሉም ጣቢያ «እየሄደ» እንዲመስል ምንም ማጫወት አያሻም፦ የጌሙን ሰዓት በጣቢያው ርዝመት አካፍሉ፣ ቀሪውን በ16 ሺህ አባዙ፣ ከዚያ ባይት አካባቢ የድምፅ ፍሬም መጀመሪያ ፈልጋችሁ ተነሱ። ይህ የሚሠራው ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚነበበው ቢት ብዛት) ቋሚ ከሆነ ብቻ ነው፤ ተለዋዋጭ ከሆነ ዘፈኑ መሀል ሳይሆን ማስታወቂያው ላይ ትወድቃላችሁ። የ256 ኪሎባይት ማቆያ 16 ሰከንድ ይይዛል፤ ስለዚህ በካርታውና በሬዲዮው መካከል ካርታው ይቅደም፣ ሬዲዮው 4 ሰከንድ ሲቀረው ብቻ ይለፍ።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

መቆጣጠሪያው። አንድ ነብ (በአውራ ጣት የምትገፋው ትንሿ ስቲክ)፣ አራት አቅጣጫ ቁልፍ፣ አራት ምልክት ቁልፍ፣ ኤልና አር። መኪና ላይ ካሜራውን ለቀቅ አድርጉት፣ ራሱ ከጀርባ ይከተል። በእግር ሲሆን ኤል ተነክቶ ሲለቀቅ ካሜራው ከጀርባ ይስተካከል፤ ተይዞ ሲቆይ ነቡ ካሜራውን ያዙር፣ ሰውየው ይቁም። አር ዒላማ ይያዝ፣ አቅጣጫ ቁልፉ ግራና ቀኝ ዒላማ ይቀይር። ነጻ ማነጣጠርን እርሱት፣ በአንድ ነብ ላይ ቅጣት ነው።

የነቡ ንባብ ከ0 እስከ 255 ሲሆን መሀሉ 128 ነው። ያረጀ ማሽን ላይ እጅ ሳይነካው 100 ወይም 155 ሊያሳይ ይችላል። ከመሀል በየአቅጣጫው 40 ያህል ዝምተኛ አድርጉና ከዚያ ወዲያ ያለውን እንደገና ከዜሮ አስጀምሩት፤ ካልሆነ መሪው ድንገት ይነጥቃል። መጠኑን ተጫዋቹ በምርጫ ገጽ ላይ መቀየር ይቻለው።

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)

ማንም ያላነሳው ፊደሉ ነው። የንግግር ጽሑፉ በአማርኛ አይደል? ከ16 ፒክስል ከፍታ በታች አትውረዱ። በ12 ላይ ሚና ሜ፣ ቢና ቤ አይለያዩም፤ ቀለበቷና እግሯ አንድ ነጥብ ትሆናለች። የዩኒኮድ የግዕዝ ፊደል ዋናው ክፍል 384 ቦታ ነው። 512 በ256 የሆነ ባለ 4 ቢት ቴክስቸር ባለ 16 ፒክስል 512 ቦታ ይይዛል፤ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ሁሉ ይገባል፣ ክብደቱም 64 ኪሎባይት ነው። ስፋቱን ግን በየፊደሉ መዝግቡ፤ ጨንና ሠን በገን ልክ ካስቀመጣችሁ ይጣበቃሉ። በአማካይ 13 ፒክስል ብትቆጥሩ አንድ መስመር 35 ፊደል ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊዎቻችሁ አጭር መናገር ይልመዱ። ፊደል አንድ ሲሆን በዩቲኤፍ-8 ፋይሉ ውስጥ 3 ባይት ስለሆነም በባይት እየቆጠራችሁ መስመር አትቁረጡ፣ መሀል ላይ ተቆርጦ ሣጥን ይወጣል።

እታለም_ዘዳንግላ (ዳንግላ)

በኢሙሌተር (ፒኤስፒን በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም) ብቻ እየሞከራችሁ ከሆነ ተጠንቀቁ። ፒፒኤስኤስፒፒ የተባለው ኢሙሌተር የፕሮሰሰሩን ካሽ (ዳታ ወደ ራም ከመድረሱ በፊት የሚቆይባትን ትንሽ ሜሞሪ) አያስመስልም። እውነተኛው ማሽን ላይ ነጥብና ቴክስቸር በፕሮሰሰሩ ከጻፋችሁ በኋላ ካሹን ወደ ራም ካላራገፋችሁ ግራፊክስ ቺፑ አሮጌውን ያነባል፤ የተበታተነ ሦስት ማእዘን ስክሪኑን ይሞላዋል። የካርዱን ዝግታም ኢሙሌተሩ አያሳያችሁም፣ የኮምፒውተራችሁ ዲስክ ፈጣን ነውና።

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)

እሱን ገና አልሞከርንም። ሌላስ? ማሽኑ ተኝቶ ሲነሳ ጌሙ ይቀጥላል፣ ከተማው ግን ከዚያ ወዲያ አይጫንም።

እታለም_ዘዳንግላ (ዳንግላ)

ሲተኛ የተከፈቱት ፋይሎች ዋጋ ያጣሉ። ሲስተሙ የሚልከውን የኃይል ለውጥ ጥሪ ተቀበሉ፤ ሊተኛ ሲል ንባቡን አቁማችሁ የደረሳችሁበትን ባይት መዝግቡ፣ ሲነሳ የካርታውንና የሬዲዮውን ፋይል እንደገና ክፈቱ፣ በግማሽ የቀረውንም ቁራጭ ከመጀመሪያው አንብቡ። ካርዱ ለመነሳት ትንሽ ጊዜ ስለሚፈልግ መክፈቱ ባንዴ እንቢ ቢል ስህተት ብላችሁ አትውጡ፤ ግማሽ ሰከንድ እየጠበቃችሁ ደጋግሙት፣ እስከዚያ መኪናውን አቁሙት። የፕሮሰሰሩ ፍጥነትም 333 ሜጋኸርዝ ላይ መሆኑን አረጋግጡ፣ በምርጫ ገጽና በካርታ ገጽ ላይ ግን ወደ 222 መልሱት። የመጀመሪያው ፒኤስፒ ባትሪ 1800 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፣ የቀጭኖቹ ግን 1200 ብቻ።